ትእዛዝና ምስክር፤ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና መመሪያ ታሪክ

ሐኪም ለታመመ ሰው መድኃኒት ባዘዘ ጊዜ በዚያች አነስተኛ ወረቀት ላይ የሚሰፍረው ቃል የእርሱ ብቻ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ሊቃውንት ተሰብስበው ያዘጋጁት፣ በመንግሥት ወይም በዓለም አቀፍ ድርጅት ስም የታተመ የሕክምና መመሪያ አለ፤ ለየትኛው ደዌ የትኛው መድኃኒት፣ በምን ያህል መጠን፣ ለስንት ወር እንደሚሰጥ የሚደነግገው እርሱ ነው። መመሪያ የሚጻፍበት ምክንያት መልካም ነው፤ በገጠር ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስና በዋና ከተማ ሆስፒታል ያለው ሐኪም አንዱን በሽታ በአንድ ሥርዓት እንዲያክሙ፣ የአንዱ ግምትና የሌላው ልማድ የሕሙማንን ዕድል እንዳይለያየው ታስቦ ነው። ሆኖም መመሪያ ትእዛዝ እንደ መሆኑ መጠን፣ ትእዛዝ ሁሉ ከሚጠየቀው ጥያቄ ሊያመልጥ አይችልም፤ ይህ የታዘዘው በማን ምስክርነት ነው? ታላቅ ስም ያለው ሊቅ ስለ ተናገረው ነውን? ከቀድሞ ጀምሮ ሲሠራበት ስለ ኖረ ነውን? ወይስ ሕክምናውን ያገኙና ያላገኙ ሕሙማን ያለ አድልዎ ተነጻጽረው ልዩነቱ በግልጥ ስለ ታየ ነው?

የእነዚህ ሦስት ምስክሮች ክብደት እኩል እንዳልሆነ ዛሬ የሕክምና ተማሪ ሁሉ ይማራል። ዳሩ ግን ይህ ትምህርት በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም፤ በብዙ ሰው ሕይወትና በብዙ ሊቃውንት ድካም የተገዛ ነው። እንዴት እንደ ተገዛ ለማየትም የሳንባ ነቀርሳን ታሪክ ያህል ግልጥ ሆኖ የሚያስረዳ ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም ሦስቱም ምስክሮች በየተራ ቀርበው የተሰሙበት፣ ሁለቱ ወድቀው ሦስተኛው የጸናበት በሽታ ነውና። ስለዚህ በዚህ ሐተታ ያንን ታሪክ ከመነሻው እስከ ዘመናችን እንከተላለን፤ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሮበርት ኮክ የተባለው የጀርመን ሐኪም ማርች 24 ቀን 1882 በበርሊን በሊቃውንት ፊት ቆሞ፣ የሳንባ ነቀርሳ ረቂቅ በሆነች ተሐዋሲ የሚመጣ በሽታ መሆኑን ባስረዳ ጊዜ፣ ያቀረበው ማስረጃ ለተቃዋሚ ቀዳዳ የማይሰጥ ነበር፤ ተሐዋሲዋን በማጉሊያ መነጽር አሳየ፤ ከደዌው ለይቶ አረባት፤ ወደ ጤነኛ እንስሳ አካል አግብቶም ያንኑ በሽታ አስነሣ። በዚህ ሥራው ስሙ በዓለም ሁሉ ገነነ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1890፣ በዚያችው በበርሊን በተደረገው ዓለም አቀፍ የሕክምና ጉባኤ ላይ ተሐዋሲዋን የሚገታ ነገር ማግኘቱን ሲያስታውቅ ግን የያዘው ማስረጃ ከፊተኛው እጅግ ያነሰ ነበር፤ የመድኃኒቱን ምንነት በምስጢር ጠበቀ፤ መድኃኒቱን ካልወሰዱ ሕሙማን ጋር ያነጻጸረው ውጤትም አልነበረውም። ዓለም ግን የመዘነው ማስረጃውን ሳይሆን ስሙን ነበርና፣ ሕሙማን ከየአገሩ ወደ በርሊን ጎረፉ፤ ሐኪሞችም ቱበርኩሊን የተባለውን ያንን ፈሳሽ ለማግኘት ይሻሙ ጀመር። ጥቂት ወራት እንዳለፉ፣ በ1891 መጀመሪያ ላይ፣ ሩዶልፍ ፊርሖ የተባለው ታላቅ የአስከሬን መርማሪ በቱበርኩሊን ታክመው የሞቱትን ሰዎች አስከሬን መርምሮ፣ በሽታው በአንዳንዶቹ አካል ውስጥ እንደ ተሠራጨ እንጂ እንዳልጠፋ አስታወቀ። ቱበርኩሊን ከዚያ በኋላ በሽታን ለመመርመር ጠቅሟል፤ ፈውስ ግን አልሆነም። ከዚህም የምንማረው፣ በአንዱ ነገር እውነትን አጥርቶ ያየ ሊቅ በሌላው ነገር ያለ ማስረጃ ሊታመን እንደማይገባው ነው፤ ሥልጣነ ዕውቀት ለመስማት ምክንያት ይሆናል፤ ለማመን ግን አይበቃም።

የሥልጣን ምስክርነት ሲወድቅ በቦታው የተተካው የልማድ ምስክርነት ነው። ሄርማን ብሬመር በሲሌዝያ ተራራማ አገር በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ ኤድዋርድ ትሩዶም በአሜሪካ በሳራናክ ሐይቅ አጠገብ በ1880ዎቹ ያቋቋሟቸው ሳናቶሪየም የተባሉ የነቀርሳ ሕሙማን ማረፊያዎች ለብዙዎች አርአያ ሆኑ፤ ዕረፍት፣ ንጹሕ አየርና የተትረፈረፈ ምግብ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ሥርዓት ሆነው ተደነገጉ። ከዚህ በተጨማሪ ካርሎ ፎርላኒኒ የተባለው የኢጣልያ ሐኪም ባመጣው አሳብ መሠረት በደረት ውስጥ አየር በመርፌ እያስገቡ የታመመውን ሳንባ ማጠፍ፣ ከዚያም አልፎ የጎድን አጥንት ቆርጦ ደረትን ማጥበብ በየአገሩ የተለመደ ሥራ ሆነ። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ሐኪሞች ሕሙማናቸውን የሚወዱና ሌሊት ቀን የሚደክሙ ሰዎች ነበሩ፤ ቅንነታቸውን የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን በሽታው በአንዳንዱ ሰው ላይ በራሱ ጊዜ የሚበርድ፣ በሌላው ላይ ፈጥኖ የሚገድል ስለ ሆነ፣ ያለ ንጽጽር የሚደረግ ሕክምና ሁሉ አሸናፊ መስሎ ይታይ ነበር፤ የዳነውን ሳናቶሪየሙ አዳነው፣ የሞተው ዘግይቶ ስለ መጣ ነው ይባላል፤ በዚህ መንገድ የሚመረመር ልማድም ሊሸነፍ የሚችልበት አንዳች ዕድል የለውም።

ወርቅን ለሳንባ ነቀርሳ መድኃኒትነት የማዋል ታሪክ ይህን የበለጠ ግልጥ ያደርገዋል። አንዳንድ የወርቅ ውሕዶች ተሐዋሲዋን በብርጭቆ ውስጥ እንደሚገቱ ከኮክ ዘመን ጀምሮ ይታወቅ ነበር፤ በ1920ዎቹም ሆልገር ሞልጋርድ የተባለው የዴንማርክ ሊቅ ሳኖክሪሲን የተባለውን የወርቅ ጨው አቀረበና፣ ብዙ ሐኪሞች በሕሙማናቸው ደም ሥር ይሰጡት ጀመር። በ1931 ግን አምበርሰን የተባለው ሐኪምና ሁለት ባልደረቦቹ በአሜሪካ በሚሺጋን ክፍለ ሀገር፣ በዲትሮይት ከተማ ሳናቶሪየም ያደረጉትን ምርምር አሳተሙ። 24 ሕሙማንን መርጠው፣ በበሽታቸው ጽናት የሚመሳሰሉትን አጣምረው፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሰዎች ያሉባቸው ሁለት ወገኖች አደረጓቸው፤ ከዚያም የትኛው ወገን ወርቁን እንደሚወስድ ለመወሰን አንድ ሳንቲም ወደ ላይ ወረወሩ። ወርቁን ያልወሰዱት ንጹሕ ውሃ በመርፌ ይሰጣቸው ነበር፤ ሕሙማኑም የትኛው እንደ ደረሳቸው አያውቁም ነበር። ውጤቱ ሲታይ፣ ወርቁ ያመጣው ጥቅም አልተገኘም፤ የወሰዱት ሰዎች ግን በመርዝነቱ ተጎድተው ነበር። በሃያ አራት ሰዎችና በአንድ ሳንቲም የተሠራው ይህ ትንሽ ምርምር ከብዙ መቶ ያልተነጻጸሩ ሕሙማን ወሬ የበለጠ እውነት ተናገረ፤ ሆኖም የልማድ ኃይል ጽኑ ነውና፣ በአውሮፓ ወርቅ የሚሰጡ ሐኪሞች ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት አልጠፉም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ይህን የማስረጃ እጦት በልቡ የተሸከመ አንድ ሰው ነበር። አርቺ ኮክሬን የተባለው የስኮትላንድ ተወላጅ ሐኪም በ1941 በቀርጤስ ደሴት ተማርኮ፣ በጀርመን አገር በኤልስተርሆርስት የምርኮኞች ሰፈር በሳንባ ነቀርሳ የታመሙ ምርኮኞችን እንዲያክም ተመደበ። በእጁ የነበረው ያው የታወቀው ሥርዓት ነበር፤ ማሳረፍ፣ ሳንባን በአየር ማጠፍ፣ ደረትን መቁረጥ። ለማን የትኛው እንደሚጠቅም የሚነግረው አንዳች የታመነ ማስረጃ እንዳልነበረው፣ አላስፈላጊ በሆነ ሕክምናም የአንዳንድ ወዳጆቹን ዕድሜ አሳጥሮ እንደ ሆነ ይሰጋ እንደ ነበር ኋላ በጻፈው መጽሐፍ መስክሯል። ይህ ስጋት በአንድ ሰው ኅሊና ውስጥ ተዘግቶ አልቀረም፤ ወደ በኋላ እንደምናየው የዓለምን ሕክምና የሚነካ ፍሬ አፍርቷል።

የታሪኩ ዐቢይ ምዕራፍ የተከፈተው በስትሬፕቶማይሲን ነው። ይህን መድኃኒት በ1943 በአሜሪካ በራትገርስ ዩኒቨርሲቲ አልበርት ሻትዝና ሴልማን ዋክስማን ከአፈር ተሐዋሲ አገኙት፤ በእንስሳና በጥቂት ሕሙማን ላይ ሲሞከርም ታላቅ ተስፋ አሳየ። ብሪታንያ ግን ከጦርነት የወጣች፣ የውጭ ገንዘብ ያጠራት አገር ስለ ነበረች፣ ልትገዛ የቻለችው መድኃኒት ለሕሙማኗ ሁሉ ከሚያስፈልገው እጅግ ያነሰ ነበር። የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በዚህ ችግር ውስጥ ሆኖ የወሰነው ውሳኔ ከፍ ያለ ትርጉም ነበረው፤ መድኃኒቱ ለሁሉ የማይበቃ ከሆነ፣ ለማን ይድረስ የሚለው በዕጣ ይወሰን፤ የደረሰውና ያልደረሰውም በትክክል ይነጻጸር የሚል ነበር። ዕቅዱን ከነደፉት አንዱ ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አብራሪ ሆኖ ሲያገለግል በዚሁ በሳንባ ነቀርሳ ተይዞ፣ እንደሚሞት ታስቦ ወደ አገሩ የተመለሰ፣ ከዚያም ዓመታት በአልጋ ላይ የቆየ ሰው ነበር፤ ሐኪም መሆን ስላልቻለ ወደ ቁጥር ዕውቀት ዞሮ በዚያ በኩል ለሕክምና ታላቅ አገልግሎት ሰጠ።

ሐዋርያት በይሁዳ ፈንታ ማትያስን በዕጣ እንደ መረጡ ለሚያውቅ አንባቢ ዕጣ የአድልዎ ጠላት መሆኑ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። በሕክምና ምርምርም የዕጣ ኃይል ያለው በዚህ ላይ ነው፤ ሐኪም በፈቃዱ ቢመርጥ፣ ሳያውቀውም ቢሆን፣ ተስፋ ያለውን በሽተኛ ወደ አዲሱ መድኃኒት፣ የደከመውን ወደ ሌላው ወገን ሊመራ ይችላል፤ ዕጣ ግን ወጣቱንና አዛውንቱን፣ ጽኑውንና ደካማውን፣ የሚታወቀውንም የማይታወቀውንም ልዩነት በሁለቱ ወገኖች ላይ ያለ ፊት ማየት ያከፋፍላል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ሕሙም ዕጣ በታሸገ ፖስታ ውስጥ ተቀመጠ፤ በሽተኛው ለምርምሩ ተገቢ መሆኑ ከተወሰነ በኋላ ብቻ ፖስታው ይከፈት ነበር። የራጅ ሥዕሎቹን የሚያነቡት ሊቃውንትም ሥዕሉ ከየትኛው ወገን እንደ መጣ አይነገራቸውም ነበር። ከ107 ሕሙማን ውስጥ 55ቱ ስትሬፕቶማይሲንና ዕረፍት፣ 52ቱ ዕረፍት ብቻ ደረሳቸው። በ1948 የታተመው ውጤት እንዳሳየው፣ በስድስት ወር ውስጥ ከመድኃኒቱ ወገን 4፣ ከሌላው ወገን 14 ሰዎች ሞቱ፤ በራጅ ሲታይም ከመድኃኒቱ ወገን 51 በመቶው፣ ከሌላው ወገን 8 በመቶው ብቻ እጅግ ተሽሏቸው ተገኙ።

ይህ ምርምር ከሁሉ ይልቅ የሚደነቀው መልካሙን ብቻ ስላልነገረን ነው። ስትሬፕቶማይሲን ከወሰዱት ብዙዎቹ ማዞር እንደ ያዛቸው፣ ተሐዋሲዋም መድኃኒቱን እየለመደች መቋቋም እንደ ጀመረች በግልጥ ተጻፈ። ከአምስት ዓመት በኋላ በተደረገው ክትትል ከ55ቱ 32፣ ከ52ቱ ደግሞ 35 ሰዎች ሞተው ተገኙ፤ በስድስት ወር ታላቅ መስሎ የታየው ልዩነት እጅግ ጠበበ። ያለ ንጽጽር ቢሆን ኖሮ ዓለም በስድስት ወሩ ተስፋ ረክቶ በተቀመጠ ነበር፤ ድካሙ በትክክል ስለ ተለካ ግን መፍትሔውም ፈጥኖ ተፈለገ፤ ፓስ የተባለው መድኃኒት ከስትሬፕቶማይሲን ጋር ሲሰጥ ተሐዋሲዋ መቋቋሟ እንደሚቀንስ በሌላ ምርምር ታወቀ፤ በ1952 ኢሶኒያዚድ ሲጨመርበትም መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠት የማይናወጥ ሕግ ሆነ። በዚያ ዘመን ግን መድኃኒቱ ያልደረሳቸው ሕሙማን በምርምር ውስጥ መሆናቸው አልተነገራቸውም ነበር፤ ዛሬ ያለ በሽተኛው ፈቃድ ማንም ወደ ዕጣ አይገባም፤ ይህም ሥርዓት ከማስረጃው ጥራት ጋር አብሮ የሚከበር ግዴታ ነው።

ሳናቶሪየም ራሱ በፍርድ ሚዛን ላይ የወጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1956 በህንድ አገር በማድራስ ከተማ፣ ዛሬ ቼናይ በምትባለው፣ የህንድ መንግሥትና የዓለም ጤና ድርጅት ከብሪታንያ ምክር ቤት ጋር ተባብረው የሳንባ ነቀርሳ ምርምር ማዕከል አቋቋሙ። ጥያቄው ለድኻ አገር ሁሉ የሚጠቅም ነበር፤ ሳናቶሪየም መሥራት የማይችል መንግሥት፣ ልጆቿን ትታ ለአንድ ዓመት መተኛት የማትችል እናት ምን ያድርጉ? 193 ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው ገሚሶቹ በሳናቶሪየም፣ ገሚሶቹ በቤታቸው አንድ ዓይነት መድኃኒት ለአንድ ዓመት ወሰዱ። በቤት ያሉት በተጨናነቀ ጎጆ የሚኖሩ፣ በምግብም ከሳናቶሪየሙ የሚያንሱ፣ ዕረፍትም የሌላቸው ነበሩ፤ ሆኖም በ1959 የታተመው ውጤት መዳናቸው ከሳናቶሪየሙ ወገን ጋር የሚቀራረብ መሆኑን አሳየ፤ አብረዋቸው በሚኖሩት ቤተ ሰቦች ላይም የበሽታው መተላለፍ በልጦ አልተገኘም። መቶ ዓመት ያህል የተከበረው ሥርዓት፣ በመልካም አየርና በመልካም ምግብ ላይ የተመሠረተው ሕንጻ፣ ዋና ምሰሶው መድኃኒቱ መሆኑ በዚህ ታወቀ፤ በብዙ አገሮችም ሳናቶሪየሞች አንድ በአንድ ተዘጉ።

በምሥራቅ አፍሪካም በ1970 ሌላ ምርምር ተጀመረ። በዚያ ዘመን ሕክምናው ዓመት ከስድስት ወር ወይም ከዚያ በላይ የሚፈጅ ስለ ነበረ፣ ብዙ ሕሙማን ሳይጨርሱት ያቋርጡት ነበር። ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ የተውጣጡ ሕሙማን በዕጣ ተመድበው፣ የስድስት ወር ሕክምና ከረጅሙ ጋር ሲነጻጸር፣ ሪፋምፒሲን ወይም ፒራዚናማይድ የተባለው መድኃኒት የተጨመረበት አጭር ሕክምና በሽታው ተመልሶ የሚያገረሽባቸውን ሰዎች ጥቂት አድርጎ አሳየ፤ ሁለቱ ያልተጨመሩበት አጭር ሕክምና ግን በብዙዎች ላይ አገረሸ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሰጠው የስድስት ወር ሕክምና ከዚህና ከተከታዮቹ ምርምሮች የተወለደ ነው። አፍሪካ በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ጊዜ የምትጠቀሰው መድኃኒት ተቀባይ ሆና ቢሆንም፣ የዓለም መመሪያ ከቆመባቸው ጽኑ ማስረጃዎች አንዱን የሰጡት የምሥራቅ አፍሪካ ሕሙማን መሆናቸውን ማስታወስ ተገቢ ነው።

እዚህ ላይ አርቺ ኮክሬን እንደገና ይመጣል። በምርኮ ሰፈር የተሸከመውን ጥያቄ ይዞ በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሕክምና አገልግሎት ሁሉ በዕጣ በተደለደለ ንጽጽር ሊመረመር እንደሚገባው ተከራከረ። በስሙ የተጠራው ዓለም አቀፍ ማኅበር፣ እርሱ ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1993 በኦክስፎርድ ተቋቁሞ፣ በየአንዳንዱ ጥያቄ ላይ የተደረጉትን ምርምሮች ሁሉ ሰብስቦ መመርመርን ሥራው አደረገ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1979 በካናዳ መንግሥታት የተመረጠ አንድ የሊቃውንት ጉባኤ ማስረጃን በመዓርግ ከፍሎ ነበር፤ በዕጣ የተደለደለ ንጽጽር የመጀመሪያውን፣ የታወቁ ሊቃውንት አስተያየት የመጨረሻውን ቦታ አገኘ። ከ2000 ጀምሮ የተሰበሰበው ግሬድ የተባለው የሊቃውንት ቡድንም ማስረጃን ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛና እጅግ ዝቅተኛ ብሎ በመመደብ፣ ምክሩንም ጽኑ ወይም በሁኔታ የተወሰነ ብሎ በመለየት ብዙ ድርጅቶች የሚከተሉትን ሥርዓት አበጀ። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ይህን ሥርዓት አጽንቶ የያዘው ወቀሳ ከደረሰበት በኋላ ነው፤ በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ድርጅቱ ምክሩን ሲጽፍ ምርምሮችን በሥርዓት ከመመርመር ይልቅ በሊቃውንት አስተያየት ላይ እንደሚደገፍ አስታወቀ፤ ድርጅቱም በዚያው ዓመት መመሪያዎቹን የሚመረምር ጉባኤ አቋቋመ።

ሚዛኑ ከተበጀ በኋላ የነበሩት መመሪያዎች ሲመዘኑ የተገኘው ነገር ሊቃውንቱን አስደነገጠ። በ2009 የታተመ ጥናት የአሜሪካን የልብ ሕክምና መመሪያዎች መርምሮ፣ የማስረጃ መዓርግ ከተጻፈባቸው 2711 ምክሮች ውስጥ በከፍተኛው ማስረጃ የተደገፉት 314 ብቻ መሆናቸውን፣ 1246ቱ ግን በዝቅተኛው መዓርግ፣ ይኸውም በአብዛኛው በሊቃውንት አስተያየትና በተለመደ አሠራር ላይ የቆሙ መሆናቸውን አሳየ። ከሁለት ዓመት በኋላም የአሜሪካ የተላላፊ በሽታዎች መመሪያዎች ሲመረመሩ፣ ከ4218 ምክሮች በከፍተኛው ማስረጃ የተደገፉት 14 በመቶ፣ በዝቅተኛው ላይ የቆሙት 55 በመቶ ሆነው ተገኙ። ይህን ሲሰማ መመሪያን ሁሉ የሚንቅ ሰው ይሳሳታል። ዝቅተኛ ማስረጃ ማለት ሐሰት ማለት አይደለም፤ ገና ያልተፈተነ ማለት ነው። ለዚህም ምሳሌው ከዚሁ ከስትሬፕቶማይሲን ታሪክ ይገኛል፤ በ1948 በታተመ ሌላ ምርምሩ የብሪታንያ ምክር ቤት በአንጎል ሽፋን ነቀርሳ ለታመሙት ሕሙማን ዕጣ አልጣለም፤ ያ በሽታ ያለ መድኃኒት የያዘውን ሁሉ የሚገድል ስለ ነበረ፣ በመድኃኒቱ ጥቂቶች እንኳ መዳናቸው በቂ ምስክር ነበርና። ስለዚህ የመመሪያ ጸሐፊ ዕዳ ሁሉንም ነገር በዕጣ እስኪመረመር ድረስ ዝም ማለት አይደለም፤ የሚያዝዘው ነገር በየትኛው መዓርግ ማስረጃ ላይ እንደ ቆመ ሳይሸሽግ መናገር ነው።

ይህ ዕዳ ሳይከፈል ሲቀርና ሲከፈል የሚሆነውን በዘመናችን ሁለት ነገሮች አሳይተውናል። የመጀመሪያው በ1990ዎቹ አጋማሽ የዓለም ጤና ድርጅት ያስፋፋው ዶትስ የተባለው ሥርዓት ነው። በኢትዮጵያም ከ1992 ጀምሮ በአርሲና በባሌ ተሞክሮ ወደ መላ አገሪቱ ተስፋፋ። የማይቋረጥ የመድኃኒት አቅርቦት፣ የአክታ ምርመራና የተሟላ መዝገብ ያካተተ መልካም ሥርዓት ነበር፤ ነገር ግን ስሙን የወሰደው በሽተኛው መድኃኒቱን በሌላ ሰው ዓይን ፊት እንዲውጥ ከሚያዘው ክፍሉ ሲሆን፣ ይህ ክፍል በንጽጽር ሳይፈተን ነበር በዓለም ሁሉ የታዘዘው። በፓኪስታን ተደርጎ በ2001 የታተመ ምርምር ሕሙማንን በዕጣ በሦስት ሲከፍል፣ በጤና ሠራተኛ ፊት ከሚውጡት 64 በመቶ፣ በቤተ ሰብ ፊት ከሚውጡት 55 በመቶ፣ ያለ ተመልካች ራሳቸው ከሚወስዱት 62 በመቶ ዳኑ፤ ልዩነቱ የታሰበውን ያህል አልሆነም። በየቀኑ ረጅም መንገድ ተጉዞ ጤና ጣቢያ ለሚመላለስ የገጠር ሰው ይህ ተራ ነገር አይደለም፤ የሥራ ቀኑን፣ የእግሩን ድካምና የመጓጓዣውን ገንዘብ የሚመለከት ነው። በአንጻሩ በኢትዮጵያ በሲዳማ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን በሳንባ ነቀርሳ ሥራ የማሰማራቱ ጥቅም ቀበሌዎችን በዕጣ በመደልደል ተመርምሮ፣ በሽተኞችን በማግኘትም ሕክምናውን በማስፈጸምም የተሻለ ውጤት አሳይቷል፤ ውጤቱም በ2009 ታትሟል። ይህ ማለት አገልግሎትን ወደ ሕዝብ ማቅረብም እንደ መድኃኒት ሁሉ ሊፈተን የሚችል፣ በኢትዮጵያም ተፈትኖ የታወቀ ነገር ነው።

ሁለተኛው ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ያለበት ነው። ኢሶኒያዚድንና ሪፋምፒሲንን የሚቋቋመው የሳንባ ነቀርሳ ሲስፋፋ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ባወጣው መመሪያ ሕክምናው ከ20 ወር እንዳያንስ፣ ከዚያም ውስጥ ስምንት ወር ያህል መርፌ እንዲሰጥ መከረ፤ የማስረጃው ጥራት እጅግ ዝቅተኛ መሆኑንም እዚያው ጻፈ። ከመርፌዎቹ መካከል የመስማት ኃይልን ለዘለቄታው የሚያጠፉ አሉ፤ ስለዚህ ጥያቄው የወራት ብቻ ሳይሆን የጆሮና የኑሮም ነበር። በባንግላዴሽ 206 ሕሙማን ዘጠኝ ወር ያህል ታክመው 87.9 በመቶው ሳያገረሽባቸው እንደ ዳኑ በ2010 ሲታተም ብዙዎች ደስ አላቸው፤ በረጅሙ ሕክምና በዓለም ዙሪያ ይድኑ የነበሩት ከታከሙት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩና። ድርጅቱም በ2016 አጭሩን ሕክምና፣ ማስረጃው እጅግ ዝቅተኛ መሆኑን እየገለጠ፣ በሁኔታ የተወሰነ ምክር አድርጎ አጸደቀው።

ስትሪም የተባለው ምርምር ያነሣው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ሁለቱ ሕክምናዎች በአንድ ቦታና በአንድ ትጋት ቢሰጡ ልዩነታቸው ምን ያህል ይሆናል? ከ2012 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሞንጎሊያ፣ በደቡብ አፍሪካና በቬትናም 424 ሕሙማን ዕጣ ወጣላቸው፤ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልና በአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም የነበሩት ኢትዮጵያውያን ሕሙማንም ከእነዚህ መካከል ናቸው። በ2019 የታተመው ውጤት አጭሩ ሕክምና 78.8፣ ረጅሙ 79.8 በመቶ መልካም ፍጻሜ ማግኘታቸውን አሳየ። አጭሩ ከረጅሙ የማያንስ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ፤ ነገር ግን ከዚህ የጠለቀ ሌላ እውነት አብሮ ተገለጠ። ረጅሙ ሕክምና በዓለም ዙሪያ ግማሽ ያህሉን ብቻ ያዳነ መስሎ የታየው፣ ድክመቱ በራሱ ስለ ነበረ ብቻ ሳይሆን፣ በተገቢው ክትትል ስላልተሰጠም ጭምር ነበር፤ በትጋት ሲሰጥ ከአጭሩ ጋር እኩል ሆነ። ያልተነጻጸሩትን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ አጭሩ እጅግ ይበልጣል ብሎ የፈረደ ሰው፣ ክትትልን ከመድኃኒት ጋር አደባልቆ ስቶ በነበር። በልብ የኤሌክትሪክ ምት ላይ የሚታየው ጉዳት ደግሞ በአጭሩ ሕክምና በዝቶ መገኘቱ አብሮ ስለ ተመዘገበ፣ ሐኪሞች ምን መጠበቅና ምን መመርመር እንዳለባቸው ዐወቁ። በ2022 የታተመው ሁለተኛው ክፍል፣ ኢትዮጵያ ዳግመኛ የተካፈለችበት፣ መርፌ የሌለበትና ቤዳኩዊሊን የተባለው መድኃኒት የገባበት ሕክምና 83 በመቶ፣ መርፌ ያለበት 71 በመቶ መልካም ፍጻሜ ማስገኘታቸውን አሳይቶ፣ ጆሮን የሚያጠፋው መርፌ እንዲቀር የሚደግፍ ጽኑ ምስክር ሆነ።

ከኮክ እስከ ስትሪም የተዘረጋው ይህ ታሪክ አንድ ነገር አጥብቆ ያስተምራል፤ የመመሪያ ክብር የሚገኘው ቃሉ በመጽናቱ ሳይሆን የማስረጃውን መዓርግ በመግለጡ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011ና በ2016 ማስረጃዬ እጅግ ዝቅተኛ ነው ብሎ ባይጽፍ ኖሮ፣ ስትሪምን የሚያስፈልግ የሚያደርገው ክፍተት በግልጥ ባልታወቀ ነበር፤ ድካሙን የተናገረ መመሪያ ለመታረም በር ይከፍታል፤ ድካሙን የሸሸገ መመሪያ ግን እንደ ሳናቶሪየም ለዘመናት ይኖራል። ስለዚህ በኢትዮጵያ የሕክምና መመሪያ የሚያዘጋጁ ሊቃውንት የዓለም አቀፉን ምክር ወደ አገራችን ሲያመጡ ትእዛዙን ብቻ ሳይሆን ከአጠገቡ የተጻፈውን የማስረጃ መዓርግም ሊያመጡት ይገባል፤ በወረዳ ሆስፒታል ያለው ሐኪምና በጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ የትኛው ምክር ጽኑ፣ የትኛው ገና የሚጠየቅ መሆኑን የማወቅ መብት አላቸውና። መዓርጉ ዝቅተኛ በሆነበት ቦታም ያ ምክር የመጨረሻ ሕግ ሆኖ ሳይሆን ለዩኒቨርሲቲዎቻችንና ለምርምር ተቋሞቻችን የተሰጠ የቤት ሥራ ሆኖ ሊታይ ይገባዋል። በማድራስ፣ በምሥራቅ አፍሪካና በአዲስ አበባ ዕጣ የወጣላቸው ሕሙማን ለማያውቋቸው ሰዎች ሲሉ አካላቸውን ምስክር አድርገው አቅርበዋል፤ ለዚህ ቸርነት የሚመጥነው ምላሽ የእነርሱን ምስክርነት ከግምትና ከልማድ ጋር ሳይደባልቁ፣ በየመመሪያው ገጽ ላይ በተገባው መዓርግ መጻፍ ነው።